መንገድ ሲዞር

ከብቸና ተነሥቶ ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፎ ወደ ሞጣ የሚወጣ መንገደኛ ቀኙን ከአባይ ሳይለይ ይጓዛል። ወንዙ ራሱ ከመንገዱ አይታይም፤ የጤፉና የስንዴው ደጋ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ሄዶ ሲቆረጥና ቆላው ሲጀምር ግን ገደሉ የት እንዳለ ማንንም መጠየቅ አያሻም። አባይ በባሕር ዳር ከጣና ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ዞሮ ወደ ሱዳን ይነጉዳል። በዚህ ቅስት ውስጥ የተቀመጠው አገር ጎጃም ነው። የምሥራቅ ጎጃም ሰው ወደ በጌምድር፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ሸዋ ለመሄድ ሲነሣ ከስንቁና ከጭነቱ በፊት የሚያስበው አባይን የት እንደሚሻገር ነው። በበጋ መልካዎች አሉ። በክረምት ግን መልካው ይዘጋል፤ የአባይ ውኃ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ በመሆኑ በሚያዝያ በእግር የተሻገሩትን ወንዝ በነሐሴ ቀርቦ ማየቱም ያስፈራል። እንዲህ ባለ አገር አንድ የድንጋይ ድልድይ የሁለት ክፍለ ሀገር ገበያ፣ ጋብቻና ዘመቻ የሚያልፍበት በር ነበር።

ይህ በር በሞጣ በኩል ያለውና ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ነው። የተሠራው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። አባይ በጠባብ የዐለት መተላለፊያ ውስጥ ተጨምቆ በሚያልፍበት ቦታ ላይ በድንጋይና በኖራ የተካቡ ቅስቶች ተዘርግተው፣ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ አገናኝተዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከቅስቶቹ አንዱ፣ በዋናው ውኃ ላይ ያረፈው፣ ተቆረጠ። የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ተብሎ እንደተሰበረም ይተረካል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ፦ ጠላት ወጣ፣ ነጻነት ተመለሰ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ድልድዩ ግን ከስልሳ ዓመት በላይ እንደተሰበረ ቀረ። አንድን ቅስት ለመቁረጥ አንድ ቀን ይበቃል። ስልሳ ዓመት ሳይጠገን መቅረቱ ግን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ በእኔ አመለካከት ምክንያቱ የመንገዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞር ነው። ድልድይን የሚያስተወው መሰበሩ አይደለም። የመንግሥት መንገድ ፊቱን ሲያዞርበት ነው የሚተወው፤ ፊቱ ከዞረበት በኋላ ሙሉም ሆነ ሰባራ ለባለሥልጣን ዓይን አንድ ነው።

ይህን ለመቀበል የሚቸግረው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው የሙያ ጥያቄ ነው። ድልድዩን ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ፈረንጅ ሠራው፣ ፈረንጅ ሲሄድ ጥበቡም አብሮ ሄደ፣ ስለዚህ የሚጠግነው ጠፋ የሚል ሐሳብ ከስሙ ጋር ተያይዞ ይኖራል። የዘመን አቆጣጠሩ ግን ይህን አይደግፍም። የኖራ ግንብ ሥራ በአገራችን የተስፋፋው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ፣ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በቤተ መንግሥቱ ተሰሚነት በነበራቸው ጊዜ ነው። በጢስ አባይ አቅራቢያ ያለው የአላታ ድልድይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በመርጡለ ማርያም የቀረው የኖራ ግንብ ፍርስራሽም የሚያመለክተው ወደዚያው ጊዜ ነው። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ከያዙ በኋላ ግን ሚስዮናውያኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአገር ተባረሩ። የጎንደር ግንቦች የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሞጣው ድልድይም እንዲሁ። ፋሲለደስ ሰባት የድንጋይ ድልድዮች እንዳሠሩ ስለሚነገር እስከ ዛሬ ድረስ በአገሩ ያለ አሮጌ ድልድይ ሁሉ የፋሲል እየተባለ ይጠራል። ከሚስዮናውያኑ መባረር በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ በአባይ ላይ ቅስት መጣል የቻለ አገር ጥበቡን የራሱ አድርጎታል ማለት ነው። በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት በእጅ የነበረ ሙያ በሃያኛው፣ ሲሚንቶና ብረት በመኪና በሚጫንበት ዘመን፣ ጠፍቶ ነው ማለት አያስኬድም።

ደግሞም የተሰበረው ሁሉ አልነበረም። የቅስት ድልድይ ሥራው ክብደትን ወደ ጎን ገፍቶ ወደ መሠረቱ ማውረድ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን እየተጫነ ይቆማል፣ ከመካከል አንዱ ሲወጣ ያ ቅስት በሙሉ ይወርዳል። ብዙ ቅስት ያለው ድልድይ ግን ቋሚዎቹ ወፍራም ከሆኑ አንዱን ቅስት አጥቶም ሌሎቹን ይዞ ይቀራል። የሞጣው ድልድይ የሆነውም ይኸው ነው። ከሁለቱም ወገን ያለው ካብ እንደቆመ ነበር፤ የጎደለው አንድ ክፍተት ብቻ፣ ከዚህ ጫፍ የቆሙ ሰዎች ከዚያ ጫፍ ላሉት ገመድ ወርውረው ሊያቀብሏቸው የሚችሉት ርቀት ነበር። ይህን ያህል ቦታ በእንጨትም ሆነ በብረት መሸፈን ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከባድ ሥራ ሊባል አይችልም።

እንግዲህ መንገዱ እንዴት እንደዞረ እንመልከት። ድልድዩ ሲሠራ የመንግሥቱ መቀመጫ እ.ኤ.አ. በ1636 የተቆረቆረችው ጎንደር ነበረች። ከጎጃም ወደ ከተማዋ የሚሄድ እህል፣ ማር፣ ግብርና ሠራዊት በአባይ ላይ ማለፊያ ያስፈልገው ነበር፤ ሞጣም በዚያ መንገድ ላይ የቆመች ከተማ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ግን የጎንደር ጉልበት ደከመ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ አዞሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በትግራይ፣ ዐፄ ምኒልክ በሸዋ ተቀመጡ፤ አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1886 ተቆረቆረች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጎጃም መንገድ ፊቱን ወደ ደቡብ መለሰ። ጣልያኖች ለመኪና የሚሆኑ መንገዶችን ሲቀይሱ ይህን አጸኑት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋና መንገድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው ገደል ወርዶ ወጣ፤ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው ደግሞ በባሕር ዳር አለፈ። ከነጻነት በኋላ የመጡት መንግሥታት ገንዘባቸውን በብዛት ያፈሰሱት በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። በደጀን በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ተመረቀ፤ በባሕር ዳርም በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ አሮጌውን ተካ። ሁለቱም የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው። ከሁለቱ መካከል ያለው ረጅሙ የአባይ ሸለቆ፣ ጎንቻና እነሴ የሚመለከቱት ሸለቆ፣ ግን ለመኪና በማይመቸው መልክዐ ምድሩ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ከዕቅዱ ውጭ ቀረ፤ ሰባራ ድልድይም አብሮት።

ድህነት ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት ይፈለጋል የሚል ሰው ይኖራል። ለእርሱ መልስ የሚሆነው ድህነት በሌለበት አገር የሆነ ተመሳሳይ ታሪክ ነው። በእንግሊዝ የሰቨርን ወንዝ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየገፋ የሚገባበት ወንዝ ነው፤ ወደ ባሕሩ በሚደርስበት አካባቢ የውኃው ከፍታና ዝቅታ ልዩነት ከ10 ሜትር በላይ ይሆናል። በዚህ ወንዝ ላይ፣ ሻርፕነስ በተባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ረጅም የብረት የባቡር ድልድይ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1960 ሌሊት በጭጋግ መካከል መንገድ የሳቱ ሁለት የነዳጅ ጀልባዎች ከቋሚዎቹ አንዱን መቱት። አምስት የጀልባ ሠራተኞች ሞቱ፤ ከድልድዩ ሃያ ሁለት ክፍሎች ሁለቱ ወደ ወንዙ ወረዱ። ሃያው ቆሞ ነበር። እንግሊዝ ብረቱም፣ መሐንዲሱም፣ ገንዘቡም ነበራት፤ የጥገና ዕቅድም ተይዞ ነበር። ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ከወንዙ ሥር የሚያልፍ የባቡር ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር፤ ዋናው የባቡር ምልልስ በዚያ ይሄድ ስለነበር በላይኛው ድልድይ የሚያልፈው ባቡር ጥቂት ነበር። ስለዚህ ጥገናው ተተወ፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮም የቀረው ድልድይ ፈርሶ ተነሣ። ሀብታሙ አገርና ድሃው አገር ከአንድ ዓይነት ስብራት በኋላ አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ ሲደርሱ፣ ለውሳኔው ምክንያት የሚሆነው በሁለቱም ዘንድ የሚገኘው ነገር መሆን አለበት። በሁለቱም ዘንድ የሚገኘው ዋናው መንገድ በሌላ በኩል መሄዱ ነው።

የራሳችን ባቡር ደግሞ ይህንኑ ከሌላ ወገን ያሳያል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዮች ሐዲድ በጦርነቱ ብዙ መከራ አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ኋላ የሚሸሸው የጣልያን ጦር የአዋሽን የባቡር ድልድይ ሳይቀር አፍርሶ ሄዷል። ያ ድልድይ ግን ሰባራ ሆኖ ስልሳ ዓመት አልተቀመጠም። የመዲናይቱ ንግድና የባሕር በር በእርሱ ላይ ስለነበር ባቡሩ ተመልሶ ለአሥርተ ዓመታት ተመላለሰ። በአንድ ጦርነት፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ድህነት ውስጥ የፈረሱ ሁለት ድልድዮች ናቸው፤ አንደኛው ተጠገነ፣ ሌላኛው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በራሱ ሐዲድ ላይ ተመረቀ፤ ከዚያ በፊት አገልግሎቱ ተቋርጦ የነበረው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አሮጌው ሐዲድ ግን ከነድልድዮቹ ያለ ሥራ ቀረ። ባቡሩ በሌላ በኩል ስለሄደ እነዚያ ድልድዮች ተረሱ።

እስከዚህ የተከተለኝ አንባቢ ሌላ ጠንካራ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ የምጨነቅበት ይህ ነው። መንገዱ ከዞረ ድልድዩ አላስፈለገም ማለት አይደለምን? መንግሥት ባዶ ሸለቆ ላይ ድልድይ አልጠገነም ብሎ መውቀስ ተገቢ ነውን? ሸለቆው ባዶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ልክ ነበር። ሕዝቡ ግን መሻገሩን አንድም ቀን አላቆመም። በተሰበረው ቅስት ግራና ቀኝ ሰዎች ቆመው ገመድ ይይዙ ነበር፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በአየር ላይ፣ ከሥሩ አባይ እየጮኸ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ ይጎተት ነበር። ሴትም፣ ሽማግሌም፣ ታማሚም እንዲሁ። ነጋዴ እህሉን በስልቻ አስሮ ያሳልፍ ነበር፤ አህያና በሬ ግን በገመድ አይሻገርም ነበር፤ ስለዚህ በሁለቱ ማዶ ያለው ገበያ ሰው በትከሻው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ጠበበ። ወደ ሕክምና መድረስ ያለበት ሰው ምርጫው ገመዱ ወይም በባሕር ዳር በኩል የቀናት ዙሪያ ጉዞ ነበር። ሰው በዚህ ሁኔታ ነፍሱን አስይዞ ለስልሳ ዓመት የተሻገረበትን ቦታ ድልድይ አያስፈልገውም የሚል ማን ነው? የመንገድ ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የሚቆጥረው ተሽከርካሪን ነው፤ በቀን ይህን ያህል የጭነት መኪና፣ ይህን ያህል አውቶቡስ ይላል። በእግሩ የሚሄድ ባላገርና አህያው በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ዓምድ የላቸውም። ባዶ የነበረው ሸለቆው አልነበረም፣ ሠንጠረዡ ነበር። እኛ በከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን የመሰለ ቦታ «የተተወ» ስንል የራሳችንን መሄድ ብቻ ነው የምንናገረው።

አንድ ሌላ ምክንያትም መጨመር አለበት። አባይ እዚህ ወሰን ነው፤ ወዲህ ማዶ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወዲያ ማዶ ደቡብ ጎንደር፣ ከዚያም በፊት ጎጃምና በጌምድር። ወሰን ላይ ያለ ነገር በሁለት ወገን የተወደደ ይመስላል፤ በተግባር ግን እያንዳንዱ ወረዳ በጀቱን ወደ መሐሉ ይጎትታል፤ ከራሱ ቀበሌ ወደ ራሱ ከተማ የሚያደርስ መንገድ ይቀድመዋል። የግማሽ ድልድይ ባለቤት ድልድይ አይጠግንም። በፋሲለደስ ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ ሁለቱንም ዳር የሚያዝ ጎንደር ላይ የተቀመጠ አንድ ንጉሥ ነበርና መንገዱ የእርሱ ነበር።

በመጨረሻ ክፍተቱን የዘጋው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር ኬን ፍራንዝ የሚባል የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በገመድ የሚጎተተውን ሰው ፎቶግራፍ አየ። ድርጅት አቋቋመ፤ ስሙም ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ በሁለቱ አሮጌ ካቦች መካከል የብረት መሸጋገሪያ ዘረጋ። ያ ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል፤ መነሻው ግን የሞጣው ሰባራ ድልድይ ነው። ለክርክራችን የሚጠቅመው የሥራው ቅለት ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ የቀረው ጥገና አንድ ሰው እግረኛውን በፎቶግራፍ ካየው በኋላ ዓመት እንኳ ብዙም ሳያልፍ ተፈጸመ። ተራራውም፣ ወንዙም፣ የመንገዱ አለመኖርም ያው ነበር።

ይሁን እንጂ ብረቱ ከሦስት ዓመት በላይ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአባይ ሙላት ጠርጎ ወሰደው። እንግዲህ ጠላቱ ወንዙ ነበር፣ መንግሥታትም አለመጠገናቸው ብልኅነት ነበር የሚል ክርክር ከዚህ ሊነሣ ይችላል። ይህን በቁም ነገር መመልከት ያሻል፤ የቦታው ጠባይ እውነትም ከባድ ነውና። የድንጋይ ድልድይ ግንበኛ ጠባብ ቦታ የሚፈልገው ቅስቱ ሊሸፍነው የሚችለው ስፋት ጥቂት ስለሆነ ነው። ወንዙ ግን በጠባቡም በሰፊውም ቦታ የሚያሳልፈው ውኃ አንድ ነው፤ ስፋት ያጣው ውኃ ወይ ወደ ላይ ይነሣል ወይ ይፈጥናል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም ያደርጋል። የሚፈጥን ውኃ የሚገፋበት ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በሰቨርን ያለ መሐንዲስ ባሕሩ መቼና ምን ያህል እንደሚነሣ በሰዓት የተጻፈ ሰንጠረዥ አለው። የአባይ ሙላት በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ቢሆንም የአንዱ ክረምት ከሌላው አይመሳሰልም። ግዙፉ የድንጋይ ካብ ይህን ሁሉ በክብደቱ ተሸክሞ ኖሯል። ቀላሉ ብረት ግን በአሮጌው ከፍታ ላይ ተቀምጦ ያን ያህል ክብደት አልነበረውም፤ ስለዚህ ሄደ። ይህ የሚያሳየው የተመረጠው ዘዴ ለዚያ ከፍታ እንደማይሆን ነው፤ መሻገሪያው አይቻልም ማለት ግን አይደለም። ለዚህ ማስረጃው ብዙ አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአሮጌው ቦታ ብዙ ሳይርቅ በብረት ኬብል የተንጠለጠለ ረጅም የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ኬብል ጠባብ ቦታ አያስፈልገውም፤ ሰፊውን ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሻገር ቋሚው ከውኃው ይርቃል፣ መረማመጃውም ከሙላቱ በላይ ይሆናል።

የተንጠለጠለ ድልድይ ግን ከድንጋይ ይልቅ ጠባቂ ይፈልጋል። ካብ ለመቶ ዓመት ዘወር ብሎ የሚያየው ባይኖርም ይቆማል፤ ኬብል ግን ዝገቱ መታየት፣ ማሰሪያ ብሎኖቹ መጥበቅ፣ የረገበው መወጠር፣ የተሰነጠቀው መረማመጃ መለወጥ፣ ኬብሉ ዳር ላይ የተቀበረበት መሠረት ከየክረምቱ በኋላ መመርመር አለበት። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየዓመቱ በመስከረም ወይም በጥቅምት ወርዶ የሚያይ፣ ስሙ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ነው። ያ ሰው በሞጣ በኩል ይቀመጥ ወይስ በማዶ የሚለው ጥያቄ ሁለቱ ዞኖች በጽሑፍ ተዋውለው የሚዘጉት ነው፤ ውሉም ወጪውን ለሁለት ማካፈል፣ ኃላፊነቱን ግን ለአንድ መስጠት ይኖርበታል። የድልድዩ ተሻጋሪዎች ቁጥርም በበጋና በክረምት ለየብቻ ተቆጥሮ፣ ሰው ከነእንስሳቱ፣ በክልሉ የመንገድ ዕቅድ ውስጥ እንደ ማንኛውም የመኪና ቁጥር ሊገባ ይገባዋል።